ወንድምሽ «እንዲሁ» አልተለወጠም፤ መጀመሪያ ታይሮይዱ ይታይ

እህቴ፣ የጻፍሽው ቤቴን ነው የመሰለኝ። ወንድምሽ ዳውን ሲንድረም አለበት፣ 43 ዓመቱ ነው። እናታችሁ ካረፉ ወዲህ ዝም ብሏል፣ ቀን ይተኛል፣ ልብሱ ላይ መሽናት ጀምሯል። ሐኪሙ ደግሞ «ያው ከችግሩ ጋር የመጣ ነው» ብሏችኋል። የእኔ ታላቅ እህትም ዳውን ሲንድረም አለባት፤ 47 ዓመቷ ነው። ያለፍንበትን ልንገርሽ።

1. ያንን መልስ አትቀበይ። ዳውን ሲንድረም አብሮት ተወልዷል፣ 43 ዓመት አብሮት ኖሯል። ዘንድሮ የመጣ ለውጥ ዘንድሮ የመጣ ምክንያት አለው።

2. ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አሠሪለት። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ከሌላው ሰው ይልቅ በብዙ ይደክማል፤ ምልክት ባይኖርም በየዓመቱ መታየት አለበት። ሲደክም ሰው ይፈዛል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይበርደዋል። እህቴ ላይ ሁሉም ነበር። የወሰድናት ትልቅ ሆስፒታል ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ካርድ ክፍል «ስሟን ራሷ ትናገር፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብለው አመናጨቁኝ፤ እሷ መናገር ስትጀምር ደግሞ «ቶሎ በይ፣ ሰልፍ አለ» አሏት። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። «ይህቺ ልጅ» ይላታል፣ በዕድሜ እየበለጠችው! ደም አላዘዘም፣ ሆዷን አልነካም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጻፈና «እነሱ እኮ ብዙ አይቆዩም» ብሎ ሸኘን። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። በደንብ ከታከሙ ይቆያሉ።

መድኃኒቱ እጇን አንቀጠቀጠው፣ ምራቋ ይዝረከረክ ጀመር። ቤታችን ቡና የምታፈላው እሷ ናት፤ ሲኒ መያዝ አቃታት። ዘመድ «አረጀች በቃ» አለ። ያዳነችን ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ያለች ወጣት ሐኪም ናት። አጠገቧ ተቀመጠች፣ መጀመሪያ እሷን «ማን ልበል?» አለቻት፣ ከዚያ አንገቷን ዳበሰችና «ታይሮይዷ ታይቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቲኤስኤች ውጤቱ በጣም ከፍ ብሎ መጣ፤ ታይሮይድ ሲደክም ቲኤስኤች ከፍ ይላል። እህቴ ሌቮታይሮክሲን የሚባል፣ የታይሮይዱን ሆርሞን የሚተካ እንክብል ጀመረች፤ ያኛው መድኃኒት በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ተቀነሰ (ለወንድምሽም እንዲህ ያለ መድኃኒት ከተሰጠው በራስሽ በአንዴ እንዳታቋርጪው)። ወራት ፈጀ እንጂ ተመለሰች። ዛሬ ጎረቤቱን ሁሉ በስሙ እየጠራች ቡና ታፈላለች። እንክብሉ በባዶ ሆድ በውሃ ነው የሚዋጠው፤ ቡና ሥራውን ስለሚቀንስበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆያል። እህቴን ያስቸገራት ይህ ብቻ ነው።

3. ሽንቱን ቀላል አታድርጊው። ኢንፌክሽንና ስኳር ይታይለት። አካሄዱንም ተመልከቺ። እግሩን ከጎተተ፣ እጁ ከደከመ ወይም አንገቱን ካመመው አንድ ቀን አትጠብቂ። የአንገታቸው የላይኛው መገጣጠሚያ ላላ ስለሚል ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ቀዶ ጥገና ካለም ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ጆሮውና ዓይኑም ይታይ። የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ኩክ ይደፍነዋል። የዓይን ሞራም ቶሎ ይመጣባቸዋል። እህቴን «ደነዘዘች» ሲሏት ግማሹ ኩክ ነበር፤ ሲወጣላት ሬዲዮ ቀንሱ አለች! ሌሊት በኃይል ካንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ እሱንም ተናገሪ፤ የቀኑ እንቅልፍ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

አልዛይመርስ (የመርሳት በሽታ) ነው የሚሉሽም ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ዳውን ሲንድረምን በሚያመጣው ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም ምክንያት ከሌላው ሰው ቀድሞ ይመጣባቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ግን 50ዎቹ ውስጥ ነው። ሊድን የሚችለው ሁሉ ሳይጣራ ይህን ስም አይለጥፉበት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የእናታችሁ ለቅሶ ቀን እሱ የት ነበር? ብዙ ቤት «አይችለውም» ብለው ጎረቤት ያስቀምጧቸዋል፣ «እማዬ ውጭ አገር ሄደች» ይሏቸዋል። እኛም ቤት አጎቶቼ እንደዚያ ሊያደርጉ ሲሉ አሻፈረኝ አልኩ። እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሰው ጋር አለቀሰች፣ መቃብር ድረስ ሄደች። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ወንድምሽ በግልጽ ካልተነገረው ዛሬም በር በሩን እያየ ይሆናል። ንገሪው፣ መቃብሩንም አሳዪው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ አምና ራሱ ይሠራቸው የነበሩትን ነገሮች ጽፈሽ ያዢ፤ ልብሱን መልበስ፣ ሱቅ መላክ፣ ሁሉንም። የድሮ ቪዲዮ ስልክሽ ላይ ካለ አሳዪ፤ ለሌላው ሰው የሚሰጠው የማስታወስ ፈተና ለእነሱ አይሆንም፣ ማነጻጸሪያው ራሱ የድሮው ማንነቱ ነው። የቲኤስኤች ውጤቱ ሲወጣ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ያቺ ሐኪም ያለችበትን ጤና ጣቢያ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።