የጥላ መዝገብ፦ ሥነ ፈለክን በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ትምህርቶች ሁሉ ስለማስተማር የተደረገ ጥያቄና መልስ

በጎንደር የመካከለኛ ደረጃ መምህራን መካከል ለሚደረገው ለዚህ ጥያቄና መልስ መላሽ እንድሆን ስጠየቅ ሁለት ነገር አስቀድሜ አሳስቤያለሁ። አንደኛ፣ ስለ ኮከብ ቆጠራና ስለ ዕጣ ፈንታ የሚቀርብ ጥያቄ ከእኔ መልስ አያገኝም። ሁለተኛ፣ በምመልሰው ነገር ሁሉ ፀሐይን ቀና ብሎ በዓይኑ እንዲያይ የሚታዘዝ ተማሪ አይኖርም፤ የምንለካው ጥላን ነው።

ጥያቄ (የአጠቃላይ ሳይንስ መምህርት፣ አዘዞ)፦ ትምህርት ቤታችን ቴሌስኮፕም ሆነ የተሟላ ቤተ ሙከራ የለውም። እያንዳንዱ መምህር የራሱን ዓመታዊ ዕቅድ ይዞ ስለሚጓዝም ሥነ ፈለክ ከሳይንስ መጽሐፉ ምዕራፍ ወጥቶ አያውቅም። መምህር፣ ከየት እንድንጀምር ይመክሩናል?

መልስ፦ ከአንድ በትር ይጀምሩ፣ እኅቴ። በብዙ ቦታ የማየው ችግር የመሣሪያ እጥረት አይደለም። «የተቀናጀ ትምህርት» ሲባል የሒሳብ መምህሩ ስለ ፕላኔቶች ርቀት አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ የአማርኛ መምህርቷ ስለ ጨረቃ አንድ ምንባብ ታስነብባለች፣ የሥነ ጥበብ መምህሩ ፀሐይን ያስቀባል፤ ሁሉም ስለ ሰማይ ተናገሩ እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አልተጠቀመበትም። እኔ የምለው ትምህርት ቤቱ አንድ መዝገብ ይኑረው፣ መዝገቡም ከክፍል ወደ ክፍል ይዙር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመሬት በላይ ልክ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ በትር በደልዳላ ግቢ ውስጥ ይተከላል፤ ቀጥ ማለቱ በግንበኛ ቱንቢ ይረጋገጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ተማሪዎች በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርጋሉ፤ ከሁሉ አጭር የሆነው ጥላ የዚያ ቀን እኩለ ቀን ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጥላው ርዝመትና ያመለከተበት አቅጣጫ ይመዘገባሉ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። የሚለካው የሳይንስ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ከዚያው ቁጥር ማእዘንና ግራፍ ያወጣል፣ ኅብረተሰብ የከተማችንን ኬክሮስ ይፈልግበታል፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኮምፒዩተር ካለ በኤክሴል፣ ከሌለ በካሬ ወረቀት ሰንጠረዥ ያደርገዋል፣ አማርኛ ያልለካ ሰው አንብቦ ሊደግመው የሚችል ሪፖርት ያስጽፍበታል።

በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎች የሚጠይቁትን ልንገርዎት፦ አጭሩ ጥላ ለምን 6 ሰዓት ላይ አልሆነም? የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በሶማሌ ክልል በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ጎንደር ያለችው ደግሞ በ37.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ እኛ ዘንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። መሬት በዓመት ዑደቷ ፍጥነቷን ስለምትለዋውጥና ዛቢያዋም ስላዘነበለ እኩለ ቀናችን በጥቅምት መጨረሻ ከ6 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገደማ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ከ6 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ ላይ ይውላል። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ የኅብረተሰብንና የሒሳብን ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ አዲስ ዓለም)፦ ከጥላ ርዝመት ማእዘን ለማውጣት ታንጀንት ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቻችን ግን ገና አልደረሱበትም።

መልስ፦ አያስፈልግም። በትሩን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ጥላውን በዚያው ሚዛን አድርገው በወረቀት ላይ ያስስሉና ማእዘኑን በፕሮትራክተር ያስለኩ። ይህ የሚዛን ሥዕልና የተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ትምህርት ነው።

ጥያቄ (ስሙን ያልጠቀሰ አባል)፦ ሥነ ፈለክን እንዴት ማስተማር ይቻላል?

መልስ፦ ጥያቄው የትኛውን ክፍል፣ የትኛውን ትምህርትና ምን ችግር እንደገጠመዎ ካልነገረኝ ልመልሰው አልችልም። የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ (የኅብረተሰብ መምህርት፣ ማራኪ)፦ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ለክተን ጥላው ወደ ደቡብ ወደቀ። አንድ ባልደረባዬ «ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ያለ አገር የቀትር ጥላው ዘወትር ወደ ሰሜን ነው፤ ተሳስታችኋል» አሉኝ። የተሳሳትነው እኛ ነን?

መልስ፦ ልኬታችሁ ትክክል ነው። ይህ ያነሡት ጥያቄ እኔ ከምንም በላይ ልናገርበት የምወደው ነገር ነው። «ዘወትር ወደ ሰሜን» የሚለው እንደ አውሮፓ ባሉ፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ፈጽሞ በማትደርስባቸው አገሮች እውነት ነው። ጎንደር በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፤ አንዱ ሚያዝያ 15 ገደማ፣ ሌላው ነሐሴ 13 ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን።

የአንድ ሜትር በትር ጥላ ታኅሣሥ 12 ቀን ወደ ሰሜን 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ በመጋቢት 11 ወደ 22 ያጥራል፣ በሚያዝያ አጋማሽ ይጠፋል፣ ሰኔ 14 ደግሞ ወደ ደቡብ 19 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የነሐሴው ቀን ከቡሄ ጋር ስለሚገጥምና ክረምት ስለሆነ አይታይም፤ የሚያዝያውን ግን እንዳታሳልፉት። ቀጥ ብሎ የተተከለ በትር ጥላ አልባ ሲሆን ያየ ተማሪ ኬክሮስ ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

በዚያው መዝገብ የወቅቶችን ትምህርትም ማረም ይቻላል። ተማሪዎች «በጋ የሚሆነው ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ነው» ይላሉ። ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሆና ነው፤ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን ገደማ ሆና ነው። በጎንደር ግን የታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክረምታችንም የሚመጣው ርቀቱ ስለተለወጠ ሳይሆን የዝናብ ቀበቶው ወደ ሰሜን የሄደችውን ፀሐይ ተከትሎ ስለሚወጣ ነው።

አደራ፣ ሚያዝያ 15 ቀን ተማሪዎች ፀሐይዋ አናት ላይ መሆኗን ለማረጋገጥ ቀና እንዳይሉ። ጥላው ይበቃል።

ጥያቄ (የ8ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር፣ በአብነት ትምህርት ያለፉ)፦ ባሕረ ሐሳብ የፀሐይና የጨረቃ ሒሳብ ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤት ስሙ አይነሣም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊገባ አይችልም ወይ?

መልስ፦ ይችላል፤ ለ7ኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ የማካፈልና የቀሪ ልምምድ አላውቅም። በ2018 ዓ.ም. እንሥራው። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው፤ አንዱ ለዘመን ይተውና ወንበሩ፣ ማለትም በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለፉት ዓመታት፣ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) አበቅቴው፣ ማለትም የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት እያነሰ ያጠራቀመው ቀን፣ 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ፣ ማለትም አበቅቴን 30 የሚሞላው ቁጥር፣ 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተማሪው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ስሌቱ ራሱን በራሱ ያርማል።

ዳሩ ግን በዚህ ብቻ ካበቃ የቃል ጥናት ሆኖ ይቀራል። 11 ከየት መጣ? 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ከ365 ሲቀነሱ 11 ይተርፋሉ። 19ስ? አንዱ የጨረቃ ዑደት 29.53059 ቀን ነው፤ 235 ዑደቶች 6,939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናሉ፣ 19 ዓመት ከነሩብ ቀኑ ሲቆጠር 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ወደ ጥንት ቦታዋ ትመለሳለች ተባለ። ይህን ተማሪው ራሱ አባዝቶ ሲያገኘው ሳይንስና ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ።

የዜግነት ትምህርት መምህርት፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖታዊ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ አይደለም። አጽዋማትን የሚያወጣ ስሌት ወደ ክፍል ሲገባ ሌሎቹ ተማሪዎች ምን ይሰማቸዋል?

የአማርኛ መምህሩ፦ የዘመን ቆጠራው እኮ የአገር ነው። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆነው ለአማኝ ብቻ አይደለም።

የሒሳብ መምህሩ፦ በእኛ ቤት ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል። ልጆቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ አሁን መምህር ያሰሉት 354 ቀን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ማንን እናስቀይማለን?

የዜግነት ትምህርት መምህርት፦ ጎን ለጎን ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። ሆኖም መመሪያ ሳይኖር እያንዳንዱ መምህር እንደየእምነቱ ቢያስተምርስ?

መልስ፦ ክርክሩ እዚህ ላይ ይቁም። የምናስተምረው ቆጠራውን ነው፤ ጾሙንና በዓሉን ቤተሰብ ያስተምራል። የሒሳብ መምህሩ ያነሡት ንጽጽር እኔ ካቀረብሁት ስለሚበልጥ በመዝገቡ ውስጥ አንድ ገጽ ይሰጠው፦ አበቅቴን በ11 የሚያሳድገውና ረመዳንን በ11 የሚያስቀድመው ያው አንድ የጨረቃ ጉድለት ነው።

የአማርኛ መምህሩ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከዚህ አገር ይዞት የሄደው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ ደጆች እንደምትወጣና በስድስት የምዕራብ ደጆች እንደምትገባ ይናገራል። የዛሬው ሳይንስ ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ።

መልስ፦ «ሁሉ» የሚለውን አልቀበልም። ደጆቹን ግን ተማሪ ከግቢው ቆሞ ሊያያቸው ይችላል፦ ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከትክክለኛው ምሥራቅ ግራና ቀኝ 24 ዲግሪ ያህል ይሄዳል፤ የትኛው ኮረብታ ጫፍ ላይ እንደምትወጣ በየወሩ የሚሣል የአድማስ ሥዕል ለሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ሥራ ነው። ሥዕሉ የሚሠራው ብርሃኑ ከመበርታቱ በፊት፣ ጎሑ የቀላበትን ቦታ አይቶ እንጂ የወጣችውን ፀሐይ አተኩሮ በማየት አይደለም። ይኸው መጽሐፍ ረጅሙ ቀን የሌሊቱ እጥፍ እንደሚሆን፣ ዓመቱም 364 ቀን እንደሆነ ይናገራል። በጎንደር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ተማሪ ለክቶ ያወዳድር፤ ጥንታዊ ጽሑፍ በመመዘኑ ክብሩ አይቀንስም።

ጥያቄ (ርዕሰ መምህር)፦ በጀት ብናገኝ ምን ዓይነት ቴሌስኮፕ እንግዛ?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። በመጀመሪያው ዓመት 10 በ50 የሚባለው ባይናኩላር ይበቃል፤ የጨረቃን ጉድጓዶችና፣ ነገር ላይ ተደግፎ ከተያዘ፣ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያሳያል። ወደ ፀሐይ የዞረ ባይናኩላር በቅጽበት ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ቀን ቀን ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ጥያቄ (የእንግሊዝኛ መምህር)፦ የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሙያዬ ውጭ ነው። የአማርኛውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ያስጽፉ።

ጥያቄ (የሳይንስ መምህር፣ ቀበሌ 18)፦ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የታየው ግርዶሽ ተማሪዎችን እጅግ ስቦ ነበር። የሚቀጥለውን ለማስተማሪያ እንዴት እንጠቀምበት?

መልስ፦ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ሉክሶርንና መካን በመሳሰሉ ቦታዎች ሙሉ ሲሆን ለእኛ ከፊል ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሰማዩም ደመና ለብሶ የሚውልበት ወር ስለሆነ ዓመታዊ ዕቅዳችሁን በእርሱ ላይ አትመሥርቱ። ደመናው ቢገለጥ ግን የራጅ ፊልም፣ በጢስ የጠቆረ መስታወትና የፀሐይ መነጽር ዓይን አያድኑም። የሚያገለግለው አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን ደረጃ ያሟላ፣ ያልተጫረ የግርዶሽ መነጽር ነው፤ ከሌለ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅታችሁ የፀሐይዋን ምስል መሬት ላይ ተመልከቱ።

ለትምህርት የሚሻለው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. የሚሆነው ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። በጋ ነው፣ በምሽት ነው፣ በዓይን ቢታይም ጉዳት የለውም፤ በጨረቃ ላይ የሚያርፈው የምድር ጥላ ጠርዙ ክብ መሆኑንም ተማሪ ራሱ ይሥለዋል።

ጥያቄ (ሌላ አባል)፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። መሣሪያ ለሌለን ትምህርት ቤቶች ከየት መጀመር ይሻላል?

መልስ፦ በትር፣ ቱንቢ፣ መዝገብ። ከላይ ተጽፏል።

ጥያቄ (የኅብረተሰብ መምህርቷ)፦ የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ በእስክንድርያና በአስዋን ጥላ የምድርን ዙሪያ እንደለካ እናስተምራለን። ከባሕር ዳር ትምህርት ቤት ጋር ተባብረን ብንደግመው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ባሕር ዳር ቅርብ ናት። የኬክሮስ ልዩነታችን አንድ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በጥላ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያመጣል፤ ሦስት ሚሊ ሜትር የሳተ ተማሪ ውጤቱን ሁሉ ያበላሸዋል። አርባ ምንጭን ፈልጉ። ከእኛ በስተ ደቡብ፣ በአንድ ኬንትሮስ ላይ ማለት ይቻላል ስለምትገኝ እኩለ ቀናችን በደቂቃ እንኳ አይለያይም፤ የኬክሮስ ልዩነታችን ደግሞ 6.6 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ኤራቶስቴንስ ከተጠቀመበት 7.2 ብዙም አይርቅም።

መጋቢት 11 ቀን የእኛ ጥላ 22.4፣ የእነርሱ 10.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሁለቱ ማእዘኖች ልዩነት 360 ዲግሪን ስንት ጊዜ እንደሚያካፍል ይሰላና በከተሞቹ መካከል ባለው ርቀት ይባዛል። ርቀቱ የአውቶቡሱ መንገድ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከካርታ ላይ በማስመሪያ ተለክቶ በሚዛን የሚወጣው ቀጥታ ርቀት ነው፤ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ውጤቱ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር መቅረብ አለበት። ከሁለቱ በአንዱ ከተማ ደመና ከሆነ ሁለቱም በማግስቱ ይድገሙት፤ ፀሐይ በዚያ ሰሞን በቀን 0.4 ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ በተለያየ ቀን የተወሰደ ልኬት አብሮ እንዳይሰላ።