ኤክስኤስኤልቲ ላይ አትሪቢውት መሻርና መውረስ፦ ጠይቁኝ

ኤክስኤስኤልቲ የኤክስኤምኤል ሰነድን ወደ ሌላ መልክ የሚለውጥ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ምሳሌዬ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። «መጽሐፍ» ውስጥ «ምዕራፍ»፣ ምዕራፍ ውስጥ «አንቀጽ» አለ፤ እነዚህ ኤለመንቶች ይባላሉ። መጽሐፉ ላይ ቋንቋ="አማርኛ"፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቋንቋ="ግዕዝ" ተጽፏል፤ «ቋንቋ» አትሪቢውት ነው፣ በጥቅስ ውስጥ ያለው ቫልዩው። አንቀጾቹ ላይ ምንም የለም።

ጥ፦ ሁሉን እንዳለ ገልብጬ የ«ቋንቋ»ን ቫልዩ ብቻ ልቀይር ብፈልግስ?

መ፦ ሁሉን የሚገለብጠው ቴምፕሌት (ይህን ስታገኝ ይህን አድርግ የሚል ደንብ) ይኑርህ። ለ«ቋንቋ» ብቻ ሌላ ቴምፕሌት ጨምር። የአጠቃላዩ ቅድሚያ -0.5 ነው፣ በስም የተጠራው ደግሞ 0። ስለዚህ የአንተ ያሸንፋል።

ጥ፦ አድርጌዋለሁ። አትሪቢውቱ የሌላቸው አንቀጾች ላይ ግን ምንም አልመጣም።

መ፦ የሌለ አትሪቢውት ቴምፕሌት አይቀሰቅስም፣ እህቴ። ቴምፕሌቱን ለ«አንቀጽ» ለራሱ ጻፊው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፦ ስሙ አንድ ከሆነ ኋላ የተጻፈው የፊተኛውን ይሽራል። መጀመሪያ የራስሽን ጽፈሽ ቀጥሎ የምንጩን አትሪቢውቶች ከገለበጥሽ፣ ያንቺ መጠባበቂያ ብቻ ይሆናል። ምንጩን አስቀድመሽ ገልብጠሽ ያንቺን ካስከተልሽ ግን ሁሌም ያንቺ ይጸናል። እኔ ይህችን ነጥብ ከሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ፤ ብዙ «ኢፍ» (ካለ፣ ከሌለ የሚል ፍተሻ) ታስቀራለች።

ጥ፦ አትሪቢውት ስጨምር ኤረር ይሰጠኛል።

መ፦ ልጆቹን ወይም ጽሑፉን አስቀድመህ አውጥተህ ይሆናል። አትሪቢውት ከእነሱ በፊት መምጣት አለበት።

ጥ፦ አንቀጹ የምዕራፉን ቋንቋ እንዲወርስ እፈልጋለሁ። በ«አንሴስተር-ኦር-ሰልፍ» (ራሱንና በላዩ ያሉትን ኤለመንቶች ሁሉ በሚያየው መንገድ) ወጥቼ መጨረሻው ላይ [1]፣ ማለትም «የመጀመሪያው» የሚለውን አደረግኩ። ግዕዙ ምዕራፍ ውስጥ «አማርኛ» ይላል!

መ፦ ኤክስኤስኤልቲ በራሱ አያወርስም፤ ወደ ላይ መውጣትህ ልክ ነው። ችግሩ [1] ያለበት ቦታ ነው። ከአትሪቢውቱ ኋላ ስታደርገው ከእያንዳንዱ ወላጅ አንድ አንድ ይወስዳል። ምዕራፉም መጽሐፉም ይመጣሉ። ቫልዩን የሚጽፈው ትእዛዝ «ቫልዩ-ኦፍ» በኤክስኤስኤልቲ 1.0 በሰነዱ ቅደም ተከተል የመጀመሪያውን፣ ማለትም የመጽሐፉን ይጽፋል። በ2.0 ደግሞ «አማርኛ ግዕዝ» ብሎ ሁለቱንም ያወጣል። [1]ን ወደ ኤለመንቱ አምጣው፦ «ቋንቋ» ካላቸው ወላጆች የመጀመሪያውን ያዝ፣ ከዚያ አትሪቢውቱን ጥራ። ወደ ላይ ሲወጣ ቆጠራው ከቅርቡ ስለሚጀምር «ግዕዝ» ታገኛለህ።

ጥ፦ «ቋንቋ» ብሎ በፊደላችን አትሪቢውት መሰየም ይቻላል እንዴ?

መ፦ አዎ! የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም በ2008 ፈቅዶታል። የቀደሙት እትሞች ለስም የሚፈቅዱት በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ) 2.0 የነበሩትን ፊደላት ነበር፤ የእኛ ደግሞ የገባው በ3.0፣ በ1999 ነው። የቆዩ ፓርሰሮች (ኤክስኤምኤልን የሚያነቡ ፕሮግራሞች) ዛሬም እምቢ ሊሉህ ይችላሉ። ለቋንቋ ከሆነ ግን ኤክስኤምኤል ራሱ ለቋንቋ የመደበውን አትሪቢውት «ኤክስኤምኤል፦ላንግ»ን እመርጣለሁ። «ላንግ» የሚባለው ፋንክሽን ወላጆቹን ራሱ እየወጣ ያያል፣ የጠየቅከው ቋንቋ መሆን አለመሆኑንም ይነግርሃል።