ጆሮውን ወደ ታች አስተኝታችሁ ስፉት

ውድ ልጆቼ፣

የፈረንጆች ፋሲካ ሲቃረብ ስፌት የምትማሩ ልጆች እየመጣችሁ ጥንቸል የምትመስለውን ትንሽ ቦርሳ እንዴት እንደምትሰፋ ትጠይቁኛላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ትንሽ ልጅ ያለው አበሻ ሁሉ ያውቃታል። የእንቁላል ፍለጋው ቀን ሲደርስ ልጁ ተደብቀው የተቀመጡትን፣ ቸኮላት የያዙ የፕላስቲክ እንቁላሎች የሚለቅምበት መያዣ ያስፈልገዋል፤ እናት ወይ ከሱቅ ትገዛለች፣ ወይ የሚሰፋላት ሰው ታፈላልጋለች። እኔ ሱፍና የሙሽራ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ ሲመጣልኝ ግን መጀመሪያ የማሠራው ይህችን ቦርሳ ነው። ሰፋ ባለ ቀሚስ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ልብ የሚለው የለም። መዳፍ በምታክል ፊት ላይ ግን አንዱ ዐይን ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ጥንቸሏ ሕመምተኛ ትመስላለች።

አያቶች አንዳንዴ «ጥንቸልን ከትንሣኤ ጋር ምን አገናኛት?» ይላሉ። አልተሳሳቱም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ተቆጥራለች፣ በእኛ ፋሲካም ቦታ የላትም። ልማዱ የጀርመኖች ነው። እንቁላል ታመጣለች ስለምትባለው ጥንቸል በ1682 እ.ኤ.አ. የጻፈ ጀርመናዊ ሐኪም አለ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፔንሲልቬኒያ የሰፈሩት ጀርመኖች ደግሞ ልማዱን ይዘውት መጡ። በዋይት ሐውስ ግቢ ልጆች እንቁላል የሚያንከባልሉበት በዓልም ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። ደንበኛችሁ ጥንቸሏን ካልወደደቻት በግ ስፉላት። ጆሮው አጥሮ ወደ ጎን ይዞራል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ቀኑን ግን ደኅና አድርጋችሁ ያዙ። የእነሱና የእኛ ፋሲካ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ላይ ገጥሞ ነበር። በ2016 ግን የእነሱ መጋቢት 22፣ የእኛ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ አምስት ሳምንት! እንዲህ ባለ ዓመት ቦርሳዋ የምትሞላው በሁዳዴ መሃል ነው። ቸኮላቱን እስከ ፍስክ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን ለእናትየዋ ተዉላትና ትእዛዙን በእነሱ ቀን ቁጠሩ።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። ጥጥ ከሆነ ሳትቆርጡት እጠቡና ተኩሱት። ውጪው በውኃ ተሰብስቦ ገበሩ ባለበት ከቀረ ቦርሳዋ ትጨማደዳለች፤ ቸኮላት የሚገባባት ቦርሳ ደግሞ መታጠቧ አይቀርም። ለአካሏ 22 በ26 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የውጭ ጨርቆች፣ በዚያው ልክ ሁለት ገበሮች ይበቃሉ። በየጎኑ ለስፌት የሚሄደው 1 ሴንቲ ሜትር በዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። ለጆሮ ቁመታቸው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ቁራጮች ቁረጡ፤ ቁመቱም የድሩን (በጨርቁ ርዝመት የሚሄደውን ክር) አቅጣጫ ይከተል። ጨርቅ ልቆጥብ ብሎ ሰያፍ የቆረጠ ሰው ጆሮው እየተለጠጠ ይጣመምበታል።

ፊቷን መጀመሪያ ጨርሱ። ብዙ ጀማሪ ቦርሳውን ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ዐይን ልጥለፍ ሲል እጁን ማስገቢያ ያጣል፣ ገበሩንም አብሮ ይሰፋዋል። ጨርቁ ገና ጠፍጣፋ እያለ መሃሉን አጥፋችሁ በካውያ መስመር አውጡበት። ዐይኖቹን ከመስመሩ እኩል አርቃችሁ በጠመኔ ነጥቡና ጥለፉ። አፍንጫዋ ፌልት (ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሠራ ጨርቅ) ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጠርዙ አይተረተርም።

ለዐይን ቁልፍ አትስፉ። በአሜሪካ ደንብ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ፣ አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መፈተሻ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የሚገባ ትንሽ ነገር ሊኖረው ወይም ሊወልቅለት አይገባም። የሸሚዝ ቁልፍ ዘና ብሎ ይገባል። «ቦርሳ እኮ መጫወቻ አይደለም» ብሎ የሚከራከረኝ ተማሪ አይጠፋም። የሁለት ዓመት ልጅ አፉ ውስጥ ሲከተው ይህን አይለይም። በአንገት የሚንጠለጠል ረጅም ማሰሪያም ይቅር፤ በእጅ የሚያዝ አጭር ማንጠልጠያ ይበቃታል።

ጆሮው ላይ ግን እንቆይ፤ ሰፊው የሚታወቀው እዚያ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት (በውጭ የሚታየው ገጻቸው እርስ በርስ እንዲተያይ) አገጣጥማችሁ፣ የታችኛውን ክፍት ትታችሁ ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት ስፉት። ሹሉ ጫፍ ላይ ስትደርሱ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ የመኪናውን እግር አንሱና ጨርቁን አዙሩት። ከዚያ ጫፉ ላይ የተረፈውን ጨርቅ ስፌቱን ሳትነኩ ቀንሱ፣ ቆልመም ያለው ላይም በመቀስ ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር አድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ ሲገለበጥ ይደደራል። ስትገለብጡት መቀስ አታስገቡበት፣ ይበሳዋል። ጫፉ የደነዘዘ እንጨት ይሻላል። ከዚያ ተኩሱት።

የተተኮሰውን ጆሮ በኋለኛው የውጭ ጨርቅ ፊት ላይ አድርጉት፤ ክፍቱ ከቦርሳዋ አፍ ጠርዝ ጋር ይስተካከል፣ ጫፉ ወደ ታች ይተኛ። በስፒል ያዙት። ማንጠልጠያውንም እንዲሁ። ገበሩ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ይመጣበትና አፉ ይሰፋል፤ ሲገለበጥ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ ላይ ያስተኛው ሰው ጆሮው በውጭው ጨርቅና በገበሩ መሃል ተቀብሮ ይቀርበታል፤ መፍታት ነው እንግዲህ።

የቀረው ቀላል ነው። የፊተኛውንም የውጭ ጨርቅ ከገበሩ ጋር በአፉ በኩል ስፉት። ከዚያ ውጪን ከውጪ፣ ገበርን ከገበር አገጣጥማችሁ ጎንና ታቹን ስትሰፉ ከገበሩ ታች መገልበጫ የሚሆን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ፤ በመጨረሻ በእጅ ይዘጋል።

የፋብሪካዋ ርካሽ ናት፣ በዋጋ አትወዳደሯት። የልጁን ስም በፊደላችን ጥለፉበት፤ ያንን ሱቅ ውስጥ አያገኙትም። ይህም ከመግጠማችሁ በፊት ነው። ስሙን ደግሞ እናትየዋ ራሷ በወረቀት ትጻፍላችሁ፤ ኃይሌን በየትኛው «ሀ» እንደምትጽፈው የምታውቀው እሷ ናት።