መልስ፦ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ጋዝ ለመለካት ውሃውን በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ላብራቶሪ መላክ አይበቃም ወይ?

ወዳጄ፣ ለዳይሜቲል ሰልፋይድ ከሆነ የጠየቅከው፣ አይበቃም።

ይህ ጋዝ «የባሕር ሽታ» በምንለው ውስጥ አለ። መነሻው ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን ተንሳፋፊ ፍጥረታት ናቸው። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ ሊትር የላይኛው ባሕር ውሃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ናኖሞል (የሞል ቢሊዮንኛ) ብቻ። ጠርሙሱ ውስጥ አየር ከቀረ ጋዙ ወደዚያው ይሸሻል። ከቆየ ደግሞ ባክቴሪያ ይበላዋል። ስለዚህ እዚያው መርከቡ ላይ ቶሎ ቢለካ ይሻላል።

እኔ አጥብቄ የምመክርህ ከመለካቱ በፊት ውሃውን ስለ ማጣራቱ ነው። ውሃውን በግፊት ካጣራኸው የፋይቶፕላንክተኑ ሕዋስ ይፈነዳል። ውስጡ ያለው ዲኤምኤስፒ የሚባል ውህድ ይወጣና ወደዚሁ ጋዝ ይለወጣል። ቁጥሩ ያለ አግባብ ያሻቅባል፣ አንተም ባሕሩ እንዲህ ነው ብለህ ታምናለህ! ውሃው በማጣሪያው ቀስ ብሎ በራሱ ክብደት ይውረድ።

ከዚያ ሂሊየም ወይም ናይትሮጂን በውሃው ውስጥ እንዲንፎለፎል ታደርጋለህ። ይዞት የወጣውን ጋዝ በጣም በቀዘቀዘ ቱቦ ታጠምደዋለህ። ቱቦውን በፍጥነት ስታሞቀው ጋዙ ወደ ክሮማቶግራፉ፣ ማለትም ጋዞችን ለይቶ ወደሚለካው መሣሪያ፣ ይገባል።

የአየር ናሙና በማጥመጃ ቱቦ የምትሰበስብ ከሆነ ግን ኦዞኑን ቀድመህ አስወግድ። አለዚያ የሰበሰብከውን ሰልፋይድ እዚያው ቱቦው ውስጥ ያጠፋብሃል።