ባህርዳር ላይ የህፃናት ማህበር ልትከፍቱ ነው፣ ፈንዱ ከየት ይምጣ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ መናኸሪያና ሐይቁ ዳር ያሉ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የሚመልስ ማህበር ልታቋቁሙ ነው፣ ፈንድ ከየት ይገኛል፣ ፕሮፖዛሉ ላይስ ምን ብንፅፍ ይቀበሉናል ነው ያልሽው። ከላይ ብዙ ሰው ዌብሳይት ክፈቱ፣ ለውጭ ድርጅት ኢሜል ላኩ ብሏችኋል። እኔ እዚሁ ከተማ እንደናንተ ሀሳብ ባለ ማህበር 11 አመት ሰርቻለሁ፣ መጀመሪያ ሶሻል ወርከር ከዛ ፕሮጀክት አስተባባሪ ሆኜ፣ ያየሁትን ልፃፍልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ልጅ መመለስ ብዙ ብር አይፈጅም። ብር የሚፈጀው የተመለሰው ልጅ ቤቱ እንዲቆይ ማድረግ ነው፣ ለጋሽ ደግሞ ቶሎ እጁን የሚዘረጋው ለመጀመሪያው ነው።

አንድ የ12 አመት ልጅ ነበር ጊዮርጊስ አካባቢ ሶፍትና ማስቲካ በካርቶን ይዞ የሚዞር፣ አገሩ ከአዴት ወዲያ ገጠር ነው። ሁለት ወር ያህል እኛ ጋ እየመጣ ገላውን ይታጠባል ምሳ ይበላል፣ አንድ ቀን ራሱ "ጋሼ እናቴ ጋ ውሰደኝ" አለኝ። እስከ አዴት በሚኒባስ ሄድን፣ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ በእግር ሁለት ሰአት ተኩል። ክረምት መግቢያ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፣ ልጁ የገዛንለትን ጫማ እንዳይቆሽሽ ብሎ አወለቀና በእጁ ይዞት በባዶ እግሩ ሄደ፣ ቤቱ ሲደርስ ነው መልሶ ያደረገው። እናትየው ሲያዩት ምንም አላሉም፣ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጫማውን ይጠርጉለት ጀመር፣ ለኔ "አንቱ ከየት አገኙት" ያሉኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። አንዲት እናት በግ ገዛንላቸው፣ ደብተርና ዩኒፎርም ገዛን፣ ሪፖርት ላይ ከቤተሰብ ጋር ተቀላቅሏል ብለን ሞላን።

በአራተኛው ሳምንት መናኸሪያ አገኘሁት፣ ጫማው የለም። በጓ ለማዳበሪያ እዳ ተሸጠች፣ እንጀራ አባቱም ከብት ጠብቅ እንጂ ትምህርት የሚባል የለም ብሎታል። በነዛ አራት ሳምንታት አንዳችንም ሄደን አላየነውም፣ ለምን ብትይ ክትትል የሚለውን የበጀት መስመር ለጋሹ ሰርዞታል፣ የሚፈልገው በአመት ስንት ልጅ ትመልሳላችሁ የሚለውን ቁጥር ነበር። እኔም ፈርሜበታለሁ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሁለተኛ ጊዜ ስንወስደው በራሳችን ጊዜ እሁድ እሁድ እየወረድን የልጁን አጎት፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህርና ሁለት ሽማግሌ ይዘን ከእንጀራ አባቱ ጋር ተነጋገርን፣ ከብት የሚጠብቀው ከትምህርት መልስ እንዲሆን ተስማማን፣ በሶስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሄድን። ያኔ ነው የቆየው።

ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትፅፉ ለአንድ ልጅ ቢያንስ የአንድ አመት ክትትል አስገቡ፣ ትራንስፖርቱን፣ ውሎ አበሉን፣ የስልክ ካርዱን ሳይቀር። ለጋሹ ቁረጡ ካላችሁ የልጆቹን ቁጥር ቀንሱ።

ህጉን በተመለከተ፣ ድሮ በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ 621/2001 ጊዜ ከባድ ነበር፣ ከ10 ፐርሰንት በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ ማህበር በህፃናት መብት ላይ መስራት አይችልም፣ እኛም ከወረቀታችን ላይ መብት የሚለውን እያወጣን ድጋፍና እንክብካቤ እያልን እንፅፍ ነበር። በዛ ላይ ከወጪው ቢያንስ 70 ፐርሰንቱ ለስራው፣ ቢበዛ 30 ፐርሰንቱ ለአስተዳደር ይሁን የሚለው የ70/30 መመሪያ ትራንስፖርቱንና ክትትሉን አስተዳደራዊ ወጪ አድርጎ ይቆጥርብን ስለነበር ገጠር ወርዶ ልጅ ማየት እንደ ቢሮ ወጪ ነበር የሚታየው። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ይሄን አንስቶታል፣ አሁን አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ የፕሮጀክቱ ሶሻል ወርከር ደሞዝና ጉዞ እዛ ውስጥ አይገባም። ገቢ ማስገኛ ስራም ይፈቅዳል፣ ወፍጮ ቤትም ይሁን አዳራሽ ማከራየት፣ ግን ሂሳቡ ለብቻ ይያዛል ግብሩም እንደማንኛውም ነጋዴ ይከፈላል። አማራ ክልል ውስጥ ብቻ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ ምዝገባችሁ በክልሉ ህግ ነው፣ የፌደራሉ ባለስልጣን ከአንድ ክልል በላይ ለሚሰሩት ነው፣ እሱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ተመላልሶ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኛ ለብዙ አመት በአንድ ለጋሽ ነበር የቆምነው፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ቀን ትኩረታችን ተቀይሯል የሚል ኢሜል ላከና በሶስት ወር ጨርሱ አለን፣ አርባ ምናምን ልጅ ክትትል ላይ እያለ። ይሄ እኛ ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም፣ በጥር 2017 የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ሰኔ ላይ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ጭራሽ ሲዘጋ፣ በትልልቆቹ ድርጅቶች በኩል ይሰሩ የነበሩ የሀገር ውስጥ ማህበራት ምን እንደገጠማቸው አይታችኋል። ደግሞ ውላችሁ በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ የሚለውን እዩ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ በብር የተፈራረሙ ሰዎች በጀታቸው ያው ሆኖ ዘይቱም ዱቄቱም የቤት ኪራዩም ከላያቸው ሄደ።

ለጋሹ ሲተወን እኛን ደግፎ ያቆመን ማን መሰለሽ፣ እዚሁ ከተማ አባይ ማዶ ሰፈር ያሉት የቁጠባ እናቶች ናቸው። አስራ ስምንት ሴቶች ናቸው፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ በሳምንት አስር አስር ብር ይጥላሉ። የቆርቆሮ ሳጥን አላቸው ሶስት ጓጉንቸር ያለው፣ ቁልፎቹ ሶስት ሴቶች ጋ ነው፣ አንዷ ከቀረች ሳጥኑ አይከፈትም። አንዲቷ የቤት ኪራይ አቅቷት ልጇን ከትምህርት አስቀርታ ለሰው ቤት ስራ ልትቀጥራት ስትል ከዛች ሳጥን ተበድራ ቲማቲምና ሽንኩርት ጀመረች፣ ልጅቷ ከቤቷ አልወጣችም። ይቺ ልጅ በማንም ሪፖርት ላይ አትቆጠርም፣ ምክንያቱም ጎዳና አልወጣችም። ለኔ ግን ከሰራናቸው ስራዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። የኛ ወጪ ሳምንት ሳምንት የምትሄድ አንድ አመቻችና አንድ መዝገብ ብቻ ነበር።

እና ከውጭ ፈንድ በፊት እዚሁ ያለውን ያዙ። የአባላት መዋጮ በየወሩ ትንሽም ብትሆን አታቋርጡ፣ ለጋሽ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ ነው። ዕድሮቹ ጋ ሂዱ፣ የዕድር ዳኛ የትኛው ቤት እንደተቸገረ ከማንም በላይ ያውቃል። ሆቴሎች ብር ከመስጠት ምሳ መስጠት ይቀላቸዋል፣ ተቀበሉ፣ በደረሰኝ መዝግቡት። ከዩኒቨርሲቲው ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎችም አሉ፣ ግን ገጠር ለብቻቸው እንዳትልኳቸው፣ አሁን መንገዱ ሁሌ ሰላም አይደለም፣ መሄድ ካልተቻለ በስልክ በርዕሰ መምህሩ በኩል ተከታተሉ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ይዘው "ስለ ማርያም" እያሉ የሚዞሩትን የቆሎ ተማሪዎች ጎዳና ተዳዳሪ ብላችሁ እንዳትመዘግቡ። የኔታ አላቸው፣ ትምህርት ላይ ናቸው። እኛ በመጀመሪያው አመት ተሳስተን ሁለቱን መዝግበን መምህራቸው መጥተው በትህትና "ልጆቼን መልሱልኝ" ብለውናል። ሲታመሙ ህክምና፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ ከሰጣችኋቸው በቂ ነው፣ እሱንም በየኔታ በኩል።

የምንጠቀምበትን የበጀት ሰንጠረዥ ባዶውን በኢንቦክስ እልክልሻለሁ። ክትትል የሚለው ረድፍ ስድስተኛው ላይ ነው፣ ቁጥሩን በራሳችሁ መንገድና ርቀት ሙሉት፣ አዴት መሄድና ዘጌ መሄድ አንድ አይደለም።