የእጅ ዋጋን ለብቻ፣ የዕቃን ዋጋ ለብቻ ጻፉ

ልጆቼ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን ወይም በፌርፋክስ ጋራዥ፣ ፀጉር ቤት ወይም ልብስ ስፌት ለመክፈት የምትሰናዱ፦ «ሥራችን ሰርቪስ ስለሆነ ሴልስ ታክስ (የሽያጭ ታክስ) አይመለከተንም» ሲባል ሰምታችኋል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው የሚጎዳው በቀረው ግማሽ ነው። ቨርጂኒያ የጥገና የእጅ ዋጋን (ሌበር የምትሉትን) ከታክስ ነጻ የምታደርገው በደረሰኙ ላይ ተለይቶ ከተጻፈ ብቻ ነው። ከዕቃው ጋር በአንድ መስመር ከተጠቃለለ ጠቅላላው ይታክሳል።

በቁጥር እንየው። የፍሬን ሸራና ዲስክ በ200 ዶላር፣ የእጅ ዋጋ 150 ዶላር። ለይታችሁ ከጻፋችሁ በሰሜን ቨርጂኒያው 6 በመቶ ታክሱ 12 ዶላር ነው፤ ደንበኛው 362 ይከፍላል። «ፍሬን መቀየር፣ 350» ብላችሁ ከጻፋችሁ ታክሱ 21 ዶላር ነው። የእጅ ዋጋውን በልባችሁ ብቻ ለይታችሁ 12 ከተቀበላችሁ የስቴቱ ታክስ መርማሪ (ኦዲተሩ) 9ኙን ከእናንተ ይጠይቃል። በወር 40 እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራችሁ በሦስት ዓመት 12,960 ዶላር ይሆናል፤ ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር። ለትንሽ ጋራዥ ይህ የመዘጋት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ግዢ ነው። ለደንበኛ የምትሸጡትን መለዋወጫ ስትገዙ መልሳችሁ ለመሸጥ እንደምትገዙ የሚያሳየውን ኤስቲ-10 የተባለ ሰርተፍኬት ለሻጩ ትሰጣላችሁ፤ ታክስ አትከፍሉም፤ በሸጣችሁበት ዋጋ ላይ ግን ትሰበስባላችሁ። ሊፍቱን፣ ቁልፎቹን፣ ኮምፒውተሩን የምትጠቀሙባቸው ራሳችሁ ስለሆናችሁ ታክሱን ስትገዙ ክፈሉ። ሻጩ ታክስ ካልጠየቃችሁ፣ ለምሳሌ ከሌላ ስቴት ያለ ታክስ ከመጣላችሁ፣ ዩዝ ታክስ የሚባለውን ራሳችሁ አስልታችሁ ማስገባት አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህችን ነው፤ ኦዲተሩ ግን የግዢ ደረሰኞችንም ይመለከታል።

ፀጉር ቤትም እንዲሁ ነው። ሹሩባው አይታክስም። ሥራ ላይ የሚውለው ሻምፑና ቅባት ሲገዛ ታክሱ ይከፈልበታል፤ ደንበኛዋ ይዛው የምትሄደው ጠርሙስ ላይ ደግሞ ታክስ ትቀበላላችሁ። በኤስቲ-10 የገዛችሁትን ከመደርደሪያ አንስታችሁ ሥራ ላይ ካዋላችሁት በገዛችሁበት ዋጋ ዩዝ ታክስ አለበት። ስለዚህ የሚሸጠውንና የምትሠሩበትን ከመጀመሪያው ለያይታችሁ አስቀምጡ።

ልብስ ሰፊዎች በተለይ ተጠንቀቁ። ማሳጠርና ማጥበብ ነጻ ነው። ከጨርቅ አዲስ ቀሚስ መስፋት ግን አዲስ ዕቃ መሥራት ስለሆነ የስፌት ዋጋው ተለይቶ ቢጻፍም ይታክሳል።

ወንዙን ተሻግራችሁ ዲሲ ቅርንጫፍ ከከፈታችሁ ይህን ደረሰኝ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚያ የጥገና የእጅ ዋጋም ይታክሳል።

ከማይታክስ የእጅ ዋጋ ላይ በስህተት ታክስ ከተቀበላችሁ ገንዘቡ የስቴቱ ነው፤ ለደንበኛው ካልመለሳችሁት አስገቡት። የሰበሰባችሁትን ታክስ ለብቻው በባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። ኪራይ ሲጎድል ከዚህ ገንዘብ መበደር የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው፦ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ብትሆኑም ታክሱን አውቆ ያላስገባ ኃላፊ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል።

ታክሱን በየወሩ የምታስታውቁ ከሆነ የታክስ ማስታወቂያው ቅጽ (ሪተርን የሚባለው) በሚቀጥለው ወር እስከ 20 ድረስ ይገባል። ሽያጭ ባይኖርም ዜሮ ብላችሁ አስገቡ። ማዘግየት በየወሩ የታክሱን 6 በመቶ፣ እስከ 30 በመቶ ያስቀጣል፤ ምንም ታክስ ባይኖርባችሁም ትንሹ ቅጣት 10 ዶላር ነው። ኦዲት በተለመደው ሦስት ዓመት ወደኋላ ያያል፤ ማስታወቂያ ያላስገባ ሰው ግን ስድስት ዓመት ሊታይበት ይችላል። ያለ ታክስ የሸጣችሁለት ነጋዴ ካለም የሰጣችሁን ኤስቲ-10 ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ፤ ሰርተፍኬቱ ከሌለ ታክሱ የሚጠየቀው ከእናንተ ነው።