የድሮ ስላይድ ፊልም ስካን ሲደረግ፦ የቀለም ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ስላይድ ስካን ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ውስጥ ቀለምን የሚመለከቱትን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስላይዶች ስካን ሳደርጋቸው ሁሉም ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ስካነሬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። መጀመሪያ ፊልሙ የታሰረበትን ካርቶን እዪው። ኮዳክሮም (የኮዳክ የድሮ ስላይድ ፊልም) የሚል ጽሑፍ ካለው ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የኮዳክሮም ቀለሞች ከኤክታክሮምና (ሌላው የኮዳክ ስላይድ ፊልም) ከሌሎቹ ይለያሉ። ለዓይናችን ግራጫ የሆነውን ስካነሩ ሰማያዊ አድርጎ ያየዋል። ቪውስካንና ሲልቨርፋስት የሚባሉት የስካን ፕሮግራሞች ለኮዳክሮም የራሱ ምርጫ ስላላቸው እሱን ክፈቺ። ከዚያ በላይ ትክክለኛነት ከፈለግሽ አይቲ8 የሚባል የቀለም መለኪያ ስላይድ አለ። ግን መለኪያው ራሱ በኮዳክሮም የተሠራ መሆን አለበት። የፊልሙ ማጠብ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ስላበቃ ዛሬ አዲስ የሚሠራ የለም፤ የድሮ ክምችት መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ የኔዎቹ ደግሞ ቀይ ሆነዋል።

መልስ፦ ይሄ ሌላ ችግር ነው። ፊልሙ ራሱ ደብዝዟል። በቀድሞ ኤክታክሮሞች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ቀድሞ ሲጠፋ ቀዩ ጎልቶ ይቀራል። ቀዩን በአንድ ጊዜ መቀነስ አያድነውም። አንዱ ቦታ ሲስተካከል ሌላው ይዛባል። በ16 ቢት ቲፍ (ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ስካን አድርግ። ከዚያ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊን ከርቭ (በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የብርሃን መጠን ማስተካከያ መስመር) ለየብቻ አስተካክል፤ የእያንዳንዱን ጨለማና ብርሃን ጫፍ እያየህ። በ8 ቢት ጄፔግ ይህን ያህል ከጎተትከው ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ይወጣል።

ጥያቄ፦ አውቶ ከለር (ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክለውን) ልጠቀም?

መልስ፦ በፍጹም! የምሽት ጀምበር ወርቃማ ብርሃን እንደ ስህተት ይቆጠርና ታጥቦ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የስካነሩ አቧራ ማጥፊያስ?

መልስ፦ በኢንፍራሬድ (ለዓይን በማይታይ ብርሃን) የሚሠራው ለኤክታክሮም ግሩም ነው። ኮዳክሮም ላይ ግን ጨለማ ዝርዝሮችን አቧራ ብሎ ሊበላቸው ስለሚችል አጥፋውና በእጅ በሚነፋ የጎማ ንፋስ አጽዳ።

ጥያቄ፦ ስካነር የለኝም፤ በካሜራ ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። ዋናው መብራቱ ነው። ሲአርአዩ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) 95 እና ከዚያ በላይ የሆነ ኤልኢዲ ፈልግ። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) አንድ ቦታ ቆልፈህ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሳ። የስልክ ስክሪን ከኋላ ማብራት ቀለሙን ያዛባል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ስላይዱን 5000 ኬልቪን በሆነ መብራት ላይ አስቀምጠህ፣ ቀለሙ በተስተካከለ ሞኒተር ላይ ካለው ስካን ጋር ጎን ለጎን እይ። ያልደበዘዘ ስላይድ ከሆነ ዳኛው እሱ ነው። ከደበዘዘ ግን ቦታውን የሚያስታውስ ሰው ጠርተህ የቀሚሱን፣ የግድግዳውን ቀለም ጠይቀው።